ምስክሯ ችሎት ላይ አመነች፤ ዳኛው ከዚያ ምን ያደርጋል?

ጥያቄው፦ አንድ የድራማ ጸሐፊ 13 ክፍል ያለው የወንጀልና የችሎት ተከታታይ ድራማ ጽፈው ለጥቂት ሰዎች አስነብበዋል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ነጋዴ አፓርታማው ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ሹፌሩ በማግስቱ ጠዋት ይያዛል፤ ፖሊስ ጣቢያ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ 9 ቀን ቆይቶ ያምናል፤ ከዚያ በዋስ ወጥቶ እውነተኛውን ገዳይ ራሱ ያፈላልጋል። ከ8 ወር በኋላ፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ማንም ያልጠበቃት የጎረቤት ልጅ በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ ይዛ ችሎት ትገባለች። የሟች ሚስት ምስክርነት እየሰጠች ሳለ ተንሰቅስቃ “የገደልኩት እኔ ነኝ” ትላለች። ዳኛው እዚያው ሹፌሩን በነፃ አሰናብቶ በሚስትየዋ ላይ ዕድሜ ልክ ይፈርዳል። አንባቢዎቹ “አላሳመነንም” አሉ። ጸሐፊው የሚጠይቁት፦ “ያላሳመናቸው ‘ተቃውሞ አለኝ’ የሚለው የውጭ ፊልም አነጋገር ነው? ድራማ እስከሆነ ድረስስ ሕጉን ምን ያህል መከተል አለብኝ?”

ምላሽ፦ ጥፋቱ “ተቃውሞ አለኝ” ላይ አይደለም። በእኛም ሥነ ሥርዓት ጠበቃም ሆነ ዐቃቤ ሕግ ለምስክር የቀረበን ጥያቄ መቃወም ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም እዚያው ይወስናል። ጠበቃው ተነስቶ ፈቃድ ጠይቆ “የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ጥያቄው መሪ ነው” (ማለትም መልሱን ራሱ ይጠቁማል) ቢል ማንም አይስቅበትም። የሚያስቀው እየተንጎራደደ ምስክሯ አፍንጫ ሥር ሲደርስ ነው፤ እሱን ደግሞ አዘጋጁ በአንድ ቃል ያስተካክለዋል። የእርስዎ ታሪክ የተሰበረው ሌላ ቦታ ነው። ሰዎቹ ማድረግ የማይችሉትን ያደርጋሉ፤ ማድረግ የነበረባቸውን ደግሞ ያለምክንያት ይተዋሉ። የመጀመሪያው የሕግ ስህተት ነው፤ ተመልካቹ ካላወቀው ያልፈዋል። ሁለተኛውን ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰውም ይይዘዋል። እርስዎ ጋ ሁለቱ ተቆላልፈዋል፤ ስለዚህ አንዱን ሲፈቱ ሌላውም አብሮ ይፈታል።

ከመጨረሻው ትዕይንት እንነሳ። ሚስትየዋ በዚያ መዝገብ ላይ የዐቃቤ ሕግ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለችም፤ ያልተከሰሰ ሰው ደግሞ አይፈረድበትም። “የገደልኩት እኔ ነኝ” ብትል ፍርድ ቤቱ ቃሏን ይመዘግባል፣ ፖሊስ እንዲያጣራም ሊያዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የእሷ ጉዳይ ከዜሮ ይጀምራል፦ መያዝ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ ምርመራ፣ የራሷ ጠበቃ፣ የራሷ ክስ፣ የእምነት ክህደት ቃል። ተከሳ “ጥፋተኛ ነኝ” ብትል እንኳ ፍርድ ቤቱ ከመፍረዱ በፊት ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያሰማ ማዘዝ ይችላል። ቅጣቱም ቢሆን ከሰማይ ዱብ አይልም። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ በዕድሜ ልክ ወይም በሞት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ አንቀጽ 541 ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። እርስዎ በክፍል 7 ባሏ ለዓመታት ሲደበድባት አሳይተዋል። ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ነው? ይህን የሚወስነው አስባና ተዘጋጅታ መግደል አለመግደሏ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረችም ነው፤ በአንድ ለቅሶ የሚዘለል ነገር አይደለም። ለእርስዎ ደግሞ ሌላ ሙሉ ተከታታይ ድራማ የሚሆን ክርክር ነው፤ በ40 ሰከንድ አባከኑት።

የሕጉን እንተወውና ሴትየዋን እንያት። በ12 ክፍል ውስጥ መርማሪውን፣ የባሏን ወንድሞችና የባንክ ሠራተኞችን ያታለለች ሴት፣ መኪናዋ ከግቢ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ስላየች ብቻ ለምን ታምናለች? ቪዲዮው ግድያውን አያሳይም። “ሳላስታውሰው ቀርቼ ነው፣ ፋርማሲ ሄጄ ነበር” ብትል ይበቃታል። ያመነችው ደራሲው ስለደከመ ነው፤ አንባቢዎችዎ ያሸተቱትም ይህንን ነው። ሌላም አለ፦ ከክፍል 9 ጀምሮ ችሎት ውስጥ ተቀምጣ የሌሎቹን ምስክሮች ቃል ስትሰማ ትታያለች። ሊመሰክር የተቆጠረ ሰው ተራው እስኪደርስ ውጪ ይቆያል፤ የሌላውን ቃል ሰምቶ የራሱን እንዳያስተካክል። ኮሪደር ላይ ያስቀምጧት፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ፊት እያየች መጨነቋ የተሻለ ትዕይንት ይሰጥዎታል።

የጎረቤቷ ልጅ ነገር ደግሞ በሁለቱም በኩል ያነክሳል። ተከራካሪዎች የምስክሮቻቸውን ዝርዝር አስቀድመው ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) ይሰጣሉ፤ መጥሪያ የሚወጣው በዚያ ነው። ከዝርዝሩ ውጪ ምስክር ማሰማት ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ ያስፈልጋል ካለ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ተጨማሪ ምስክር ሊጠራ ይችላል፤ ተከራካሪም ማመልከት ይችላል፤ ጉዳዩን ለማጓተት የቀረበ ማመልከቻ ከሆነ ግን አይፈቀድም። በር ከፍቶ ስልክ ከፍ አድርጎ መግባት ግን የለም። ቪዲዮው መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ስልክ እንደተቀረጸ ይጠየቃል፤ ሌላው ወገን አይቶ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል፤ ይህም ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ማለት ነው። ከሕጉ የሚከፋው ግን የታሪኩ ጥያቄ ነው፦ ልጅቷ 8 ወር ሙሉ ለምን ዝም አለች? “ፈርታ” ብለዋል። ማንን? ሚስትየዋን ፈርታ ከሆነ፣ ሚስትየዋ ቪዲዮው መኖሩን ታውቃለች ማለት ነው፤ ካወቀች ደግሞ ለ8 ወር ምንም አለማድረጓ ከጠባይዋ ጋር አይሄድም። ካላወቀች ልጅቷን የሚያስፈራት ነገር የለም። ለወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ፍርሃቱን የታሪክ ሞተር ማድረግ ከፈለጉ ከክፍል 4 ጀምረው በዚያ በኩል ይሂዱ። አለበለዚያ ልጅቷን ያውጧት። የእኔ ምክር ያውጧት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ክፍሎች። 9 ቀን ጣቢያ ውስጥ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ መቆየት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተከለከለ ነው፤ የተያዘ ሰው ለመጓጓዣ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ፣ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም። ሕጉ ተጥሶ 9 ቀን ቆየ ማለት ይችላሉ፤ ድራማ ጥሰትን ማሳየት መብቱ ነው። ግን ከጣሱት አንድ ሰው ማስተዋል አለበት። በእርስዎ ጽሑፍ ጠበቃው እንኳ አንድ ቃል አይተነፍስም። ጥሰቱ የታሪኩ አካል ከሆነ ጠበቃው በመጀመሪያው ቀጠሮ ያንሳው፤ ካልሆነ በ2ኛው ቀን ያቅርቡት። ደግሞም የጊዜ ቀጠሮውን የሚያየው ዳኛና ግድያውን የሚዳኘው ችሎት አንድ አይሁኑ። አዲስ አበባ ውስጥ የጊዜ ቀጠሮው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የከባድ ግድያ ክሱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይታያል፤ ሁለት ተዋናይ ያስፈልግዎታል።

የእምነት ቃሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያላዩት ሀብት አለበት። መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪው መልስ ላለመስጠት መብት እንዳለውና የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል መንገር አለበት። ማስፈራራት፣ ማባበል፣ ተስፋ መስጠት ክልክል ነው፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም በማስረጃነት አይያዝም። እርስዎ ጋ መርማሪው “ፈርምና ነገ ቤትህ ትገባለህ” ይለዋል። ይህ ራሱ ቃሉን የሚያፈርስ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርስዎ ግን ተመልሰው አይነኩትም። ሌላም መንገድ አለ፦ ተጠርጣሪው ክሱ ከመሰማቱ በፊት ቃሉን ለዳኛ ሊሰጥ ይችላል። ዳኛው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን ጠይቆ ካላረጋገጠ ቃሉን አይመዘግብም። ሹፌሩ ዳኛ ፊት ቀርቦ እምነቱን ከደገመ በኋላ ነፃ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ዝም ይበል፣ ወይም “አልገደልኩም” ይበል። መዝገቡ ውስጥ የሚቀረው የፖሊሱ ቃል ብቻ ይሆናል፤ እሱንም ጠበቃው ይታገለዋል።

ዋስትናውን ይሰርዙት። በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል የተያዘ ሰው፣ ተጎጂው ከሞተ ወይም የሚሞት ከሆነ፣ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት በዋስ አይለቀቅም። ሹፌሩ ማረሚያ ቤት ይቆያል፤ የሚያፈላልገው ሌላ ሰው ይሆናል። እህቱን ያድርጓት፤ ክፍል 3 ላይ ብቅ ብላ የጠፋችው ገጸ ባሕርይ ሥራ ታገኛለች። በሳምንት አንድ ጊዜ ስንቅ ይዛ ስትሄድ ያገኘችውን ትነግረዋለች፣ እሱ የሚያስታውሰውን ይነግራታል። ራሱ ሲሮጥ ከምናየው ይልቅ ይህ ውጥረቱን ያከብደዋል።

ማስረጃዎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። የሹፌሩ አሻራ አፓርታማው ውስጥ መገኘቱ በየቀኑ ለሚገባ ሰው ምንም አይደለም፤ አሻራ የታተመበትን ቀን አይናገርም። ስልኩ ቦሌ አካባቢ ባለ የስልክ ኔትወርክ ማማ መያዙም አካባቢውን እንጂ 4ኛ ፎቅን አያሳይም። ሐኪሙ ግን “ከምሽቱ 3፡20 ላይ ነው የሞተው” ማለቱን አይተዉት። እንዲህ የሚል ሐኪም የለም፣ ካለም ተቃራኒው ወገን በሚያቀርብለት መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። የጡንቻ መድረቅ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፣ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ መላ ሰውነትን ይይዛል፤ ደም በስበት ወደ ታች ወርዶ ቆዳው ላይ የሚያሳየው ወይን ጠጅ ቀለም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጸንቶ ይቀራል። ቅዝቃዜ፣ ልብስ፣ የሟቹ ክብደት ሁሉንም ያዛባሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሬሳውን ያየ ሐኪም የሚለው “ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ” የሚል ነው። ይህን የ6 ሰዓት ክፍተት እንደ ድክመት አይዩት፤ ታሪክዎ የሚድነው በዚያ ውስጥ ነው።

እንዴት? የውጭ ድራማ ሊጠቀምበት የማይችለው አንድ ነገር በእጃችን አለ፦ ሁለት ሰዓትና ሁለት ቀን አቆጣጠር። ምስክር የሚናገረው በእኛ ሰዓት ነው፤ ካሜራና የስልክ ዝርዝር የሚያትሙት ግን በአውሮፓው 24 ሰዓት ነው። ግድያው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ሌሊት ይሁን። የሕንፃው ምድር ቤት ፓርኪንግ ካሜራ የሚስትየዋ መኪና ስትወጣ ይይዛል፤ ጽሑፉም ኦክቶበር 16፣ 02፡10 ይላል። የጥድፊያ ሥራ የበዛበት መርማሪ በመግለጫው ላይ “ጥቅምት 6 ቀን ከጠዋቱ 2፡10” ብሎ ይገለብጠዋል። ቀኑ ልክ ነው፤ ኦክቶበር 16 ጥቅምት 6 ነው። ሰዓቱ ግን ከሌሊቱ 8፡10 ነበር። ጠዋት ላይ ሬሳው ተገኝቶ ሰው እየገባ እየወጣ ስለነበር የመኪናዋ መውጣት ማንንም አያስገርምም፤ ወረቀቱ መዝገቡ ውስጥ ይተኛል። ካሜራውን ውጪ እንዳያደርጉት፤ ምስሉ ጨለማ ከሆነ ስህተቱ በአንድ እይታ ይጋለጣል። ምድር ቤት ውስጥ መብራት ቀን ከሌሊት ስለሚበራ ምስሉ ብቻውን ሰዓቱን አይነግርም።

አሁን መጋጨት ያለበት ሁለተኛ ወረቀት ያስፈልጋል። ሚስትየዋ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ላይ “ጥቅምት 6 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት፣ ጣቢያ ቀርባ” ተብሎ ይጻፍ፤ በፖሊስ መኪና እንደመጣችም ይገለጽ። ቃሏ ውስጥ ሌሊቱን እህቷ ቤት እንዳደረች፣ የግቢው ጥበቃ ንጋት ላይ ደውሎ እንዳረዳት፣ መኪናዋን የምትነዳው እሷ ብቻ እንደሆነች ይግባ። እንግዲህ ሁለቱ ወረቀቶች ከክፍል 2 ጀምሮ በተመልካቹ ዓይን ፊት ናቸው። ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ስላለው በጠበቃው እጅም ናቸው። ማንም ከውጭ ምንም ይዞ መምጣት የለበትም።

የመጨረሻው መስቀለኛ ጥያቄ በዚህ ላይ ይቁም። ምስክሩን ያቀረበው ወገን በሚጠይቀው ዋና ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይቀርብም፤ በመስቀለኛ ግን ይፈቀዳል፣ ስለዚህ የጠበቃው ጥያቄዎች አጫጭርና “አዎ” ወይም “አይደለም” የሚያስብሉ ይሁኑ። መኪናዋን ሌላ ሰው ነድቷት ያውቃል? አያውቅም። ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት የት ነበሩ? ጣቢያ። በምን ሄዱ? በፖሊስ መኪና። እዚህ ላይ ጠበቃው ለፖሊስ የሰጠችው ቃል እንዲታይለት ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ፍርድ ቤቱ ይህን ቃል ሊመለከትና የምስክሯን ተአማኒነት ለመፈተን ሊፈቅድ ይችላል። ቀጥሎ የካሜራው ኅትመት። “2፡10 ላይ መኪናዋን ማን አወጣት?” ብቻ ይጠይቅና ይቀመጥ። “ታዲያ ገዳይዋ እርስዎ ነዎት!” እንዳያስብሉት፤ የተከላካይ ጠበቃ ሥራ በደንበኛው ጥፋተኝነት ላይ ጥርጣሬ መፍጠር እንጂ ሌላ ሰው ማስፈረድ አይደለም። እሷ “አላስታውስም” ትበል። ዐቃቤ ሕግ በድጋሚ ጥያቄ ሊጠግነው ይሞክርና ያባብሰው። ከዚያ ከዳኞቹ አንዱ፣ ፍርድ ቤቱ በማንኛውም ጊዜ ለማጣራት መጠየቅ ስለሚችል፣ ኅትመቱን አንስቶ “ይህ ካሜራ ሰዓቱን የሚጽፈው በየትኛው አቆጣጠር ነው?” ይበል። የክፍሉ ጡዘት ይህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለጠበቃው እንዳይሰጡት።

ፍርዱም በዚያው ቀን አይምጣ። የምስክሮች ቃል ከድምፅ ተገልብጦ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝና ፍርድ ቤቱ መርምሮ ብይን እንዲሰጥ ቀጠሮ ይያዛል። በቀጠሮው የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን አላስረዳም ከተባለ፣ ሹፌሩ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። ስለዚህ እሱ ቃል ሲሰጥ የምናይበት ትዕይንት አያስፈልግም። ምናልባት ዐቃቤ ሕጉ ሹፌሩን እያፋጠጠ የሚጠይቅበትን የክፍል 11 ትዕይንት ይወዱት ይሆናል፤ ግን ተከሳሽ በገዛ ፈቃዱ በሰጠው ቃል ላይ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም፣ ግልጽ ያልሆነውን የሚጠይቀው ፍርድ ቤቱ ነው። ይውጣ። ከብይኑ በኋላም ሹፌሩ ከሳጥኑ ወጥቶ እህቱ ላይ አይጠመጠምም፤ መፍቻ (የመልቀቂያ ትእዛዝ) ለማረሚያ ቤቱ ይጻፋል፣ እሱም ከጠባቂዎቹ ጋር ይመለስና ከዚያ ይወጣል። ሚስትየዋ በዚህ ጊዜ ገና አልተያዘችም። ፖሊስ በአዲስ መዝገብ ሲፈልጋት ቤት መገኘት አለመገኘቷን ለሁለተኛው ምዕራፍ ያቆዩት።

እዚህ ላይ የማስጠነቅቅዎ ሁለት ነገር ነው። የሰዓቱ ብልሃት የሚሠራው ቀንና ሰዓት በሙሉ ጽሑፉ ውስጥ ካልተዛነፈ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውይይት ከመጻፍዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ድርጊት በሁለቱም ቀን፣ በሁለቱም ሰዓት፣ በዚያ ቅጽበት ማን ምን እንደሚያውቅና ማስረጃው በማን እጅ እንዳለ ይሙሉ። ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ የአንባቢው ጥያቄ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሁለተኛው የዓመቱ ጉዳይ ነው። እዚህ የጠቀስኩት ሥነ ሥርዓት በ1954 የወጣው ነው። ታሪኩን በሌላ ዓመት ካደረጉት በዚያን ጊዜ የሚሠራውን ሕግ ያስፈትሹ፤ የጥቅምት 5ንም ሂሳብ እንደገና ይሥሩ፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት የፈረንጁ ቀን እስከ የካቲት በአንድ ይገፋልና።

ሕጉን ምን ያህል ልከተል ላሉት፦ ውጤትን የሚቀይሩትን ሁሉ ይከተሉ፤ ማን እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን ላይ እንደሚፈረድ። ርዝመቱን ግን ያሳጥሩ፤ 11 ቀጠሮ ማሳየት የለብዎትም፣ የመዝገቡ ሽፋን ላይ የቀጠሮ ቀኖች ሲደራረቡ በ5 ሰከንድ ያልፋል። የወንጀል ጠበቃ ሲያማክሩም የተጠናቀቀውን ጽሑፍ አይስጡት፤ በዚያ ደረጃ ማስተካከል የሚችለው ቃላትን ብቻ ነው። ሦስት ገጽ የታሪክ መዋቅር ይስጡትና በየክፍሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ “በዚህ ቀን ይህ ሰው የትኛው ወረቀት በእጁ አለ?”